በመስከረም የሚመለሰው ድካም
በደሴ ሰኞ ገበያ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወገኖች የቀረበ ዲስኩር

 

ዛሬ የምናገረው ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲያብብ ስለሚነሳው የአፍንጫና የዐይን ሕመም፣ ከእርሱም ጋር ስለሚመጣው ድካም ነው። ሐኪሞች የወቅት አለርጂ ይሉታል። በእኛ ቤት ግን ብዙ ስም አለው። አንዱ ጉንፋን ነው ይላል፣ ሌላው ሳይነስ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ያሻል። ሰዉም ዓመት እየቆጠረ ይሸከመዋል። የእኔ ቃል አጭር ነው፦ በየዓመቱ በአንድ ወቅት እየተመለሰ የሚያስነጥስና የሚያደክም ሕመም ሊታወቅ፣ ከሌሎች በሽታዎች ሊለይና ሊታከም ይችላል። በጉንፋን ስም ችለነው መኖር የለብንም።

ምልክቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ በተከታታይ ማስነጠስ፣ እንደ ውሃ የቀጠነ ንፍጥ፣ የቀላና የሚያሳክክ ዐይን፣ የሚበላ ላንቃ፣ የታፈነ አፍንጫ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ራስ ይከብዳል፣ ጉልበት ይዝላል፣ ሰው የያዘውን ሥራ ትቶ ጋደም ማለት ያምረዋል። ጉንፋን ሲሆን ጉሮሮ ይከረክራል፣ ሰውነት ይቆረጥማል፣ አንዳንዴም ትኩሳት ይኖራል፤ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ይለቃል። አለርጂ ትኩሳት የለውም፤ ማሳከኩ ይበረታል፤ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይቆያል፤ በዓመቱ ያው ወር ሲመጣ ያው ሕመም ይመለሳል። ባለፈው ዓመት በዚህ ጊዜ እንዴት እንደነበራችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ «እንዲሁ ነበርኩ» ከሆነ የሕመሙን ግማሽ አውቃችሁታል ማለት ነው።

ሰውነታችን ከውጭ የሚገባበትን ተሕዋስ የሚከላከል ኃይል አለው። በአለርጂ ጊዜ ይህ ኃይል ጠላት ያልሆነውን፣ የሳር አበባ ብናኝን ወይም የሻጋታን ዱቄት፣ ጠላት አድርጎ ይመዘግበዋል። ዘመድ ሌሊት በሩን ሲያንኳኳ ሌባ መጣ ብሎ መንደሩን ሁሉ እንደሚቀሰቅስ ዘበኛ ነው። ብናኙ በሚቀጥለው ጊዜ አፍንጫ ውስጥ ሲያርፍ ሂስታሚን የሚባለው ኬሚካልና ሌሎች መሰሎቹ ይለቀቃሉ። ሂስታሚን ያስነጥሳል፣ ያሳክካል፣ ንፍጥ ያመጣል፤ የአፍንጫን ውስጠኛ ሥጋ አሳብጦ መተንፈሻውን ያጠብባል።

ይህን የሰው ልጅ በጥናት የደረሰበት ብዙ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 ጆን ቦስቶክ የተባለ ሐኪም በየበጋው በራሱ ዐይንና አፍንጫ ላይ የሚመለሰውን ሕመም ለለንደን ሐኪሞች ማኅበር አቀረበ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ 28 መሰል ሕሙማንን ዘገበ፤ ምክንያቱን ግን የፀሐይ ሙቀት መስሎት ነበር። ምክንያቱን ያሳየው የማንቸስተሩ ሐኪም ቻርልስ ብላክሊ ነው። ሕመሙ በራሱም ላይ ነበረና የሳር አበባ ብናኝን በራሱ አፍንጫና ቆዳ ላይ ሞከረ፤ የሚያጣብቅ መስታወት በካይት ወደ ሰማይ እየሰደደ በአየር ላይ ያለውን ብናኝ ቆጠረ፤ ውጤቱንም በ1873 አሳተመ። የብናኝ ብዛትና የሕመሙ ብርታት አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ያን ጊዜ ታወቀ።

ወደ አገራችን ልመለስ። በመስከረም ስናስነጥስ መጀመሪያ የምንወቅሰው አደይ አበባን ነው። ዐይናችን የሚያየው እርሱን ነውና አይገርምም። ነገር ግን አደይ አበባ ቀለሙን ያሳመረው ንብና ቢራቢሮ እንዲጎበኙት ነው። ብናኙ ከባድና የሚያጣብቅ ስለሆነ በነፍሳት እግር ይጓዛል እንጂ በነፋስ ብዙ አይሄድም። ካልሸተታችሁት ወይም ፊታችሁ ላይ ካላሻችሁት በቀር ከሜዳ ተነሥቶ ቤታችሁ አይገባም። የሚያስቸግረን አበባው የማያምረው ነው። ሳር ንብ አይጠራም፤ ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል፣ ስለዚህም እጅግ ብዙና ቀላል አድርጎ ያመርታል። በየመንገዱ ዳርና በየአጥሩ ሥር የሚንሰራፋው ሰርዶ በዓለም ዙሪያ በአለርጂ ቀስቃሽነት የታወቀ ሳር ነው። ጥድም፣ በተለይ የፈረንጅ ጥድ የምንለው፣ ብናኙን በነፋስ የሚበትን ዛፍ ነው። በደቡብ ወሎ ዝናብ በበልግም በክረምትም ስለሚጥል ሳራችን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያብብበት ቦታ አለ። ስለዚህ ሕመሙ በመስከረምና በጥቅምት ቢበረታም በግንቦት ብቅ የሚልበት ሰው ይኖራል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ ላይ። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ አለ። በአንድ ቀን ጠዋት ከደጋ ወርዶ ማታ የሚመለስ ሰው በሁለት የአየር ጠባይ ውስጥ ይኖራል፤ ላይ ያልነካውን ታች ያገኘዋል። ታች ከሚያገኙት አንዱን በስሙ ልጥራው፤ ቅንጨ አረም ነው።

ቅንጨ የዚህ አገር ተክል አይደለም። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። በኢትዮጵያ መኖሩ የተመዘገበው በ1980 ዓ.ም. ገደማ በድሬዳዋና በሐረርጌ አካባቢ ሲሆን በወሎም ታየ። ከ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ጀምሮ የእርዳታ እህል ይታደልባቸው በነበሩ ቦታዎች አጠገብ ስለተገኘ ከስንዴው ጋር ተቀላቅሎ ሳይገባ አልቀረም ተብሎ ይታመናል። ከበቀለ በአንድ ወር ወይም በአንድ ወር ተኩል ያብባል፤ አንዱ እግር ከ10,000 በላይ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። ከማሽላችን ጋር ይሻማል፤ ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። የሰው ጤና ላይም ይደርሳል፤ በእጁ የሚነቅለውን ሰው ቆዳ ያቆጣል፣ ብናኙ አፍንጫን ያስቆጣል፣ አስም ያለበትን ያባብሳል። በሕንድ አገር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከተስፋፋ በኋላ ብዙ ሰዎች ከባድ የቆዳ መቆጣት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ ቅንጨ ሳያብብ ይነቀል። ዝናብ ካረጠበው በኋላ ከነሥሩ፣ ጓንት ወይም ፌስታል በእጅ አጥልቆ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ። አለርጂ ወይም አስም ያለበት ሰው ከዚህ ሥራ ይቅር፤ ሌላው ይሥራለት።

ቀጥሎ የሚመጣው አዝመራው ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ በአብዛኛው በራሳቸው የሚዳቀሉ ስለሆኑ ሲያብቡ አየሩን በብናኝ አይሞሉትም። ችግራቸው በውቂያ ጊዜ ነው። ከኅዳር ጀምሮ በአውድማ ላይ እህሉ ሲበራይና በመንሽ ሲዘራ እብቁ፣ የገለባው አቧራና በላዩ ያደገው ሻጋታ አብረው ይበናሉ። ያ እህል ተጭኖ ገበያ ሲመጣ አቧራው አብሮት ይመጣል። ሰኞ ሰኞ ከጆንያ ወደ ጆንያ ሲገለበጥ፣ በሰፌድ ሲነፈስ፣ በወንፊት ሲነፋ፣ ወፍጮ ቤት ሲፈጭ እናቶቻችን ሙሉ ቀን ይተነፍሱታል። ማታ ቤት ሲገቡ ወገባቸው ብቻ አይደለም የሚደክመው። በርበሬ ተራ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በርበሬ ማንንም ያስነጥሳል፣ ከአጠገቡ ሲርቁ ያበቃል። አፍንጫው አስቀድሞ የተቆጣ ሰው ላይ ግን ይብሳል።

ለኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ደግሞ የምለው አለኝ። ጥጥ በሚፈተልበትና በሚዳመጥበት ቦታ ሁሉ፣ በየትኛውም አገር፣ የጥጥ አቧራ የሚያመጣው ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ ሕመም አለ። ልዩ ምልክቱ ሠራተኛው ከዕረፍት ቀን ተመልሶ ሥራ በሚጀምርበት ቀን ደረቱ መጥበቡ፣ ማሳሉና መድከሙ ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ ቀለል ይላል፣ በሚቀጥለው ሰኞ ይመለሳል። በአገራችን በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት በጥጥ ማናፈሻና ማበጠሪያ ክፍሎች ከሚሠሩት ከ10 ሰዎች አራት ያህሉ ላይ ይህን ሕመም አግኝቷል። አስተውሉ፦ የአበባ ወቅት ሕመም ከወር ጋር ይመጣል፤ ይህኛው ከሥራ ቀን ጋር ይመጣል። ሰኞ ደረቱ የሚጠበው ሠራተኛ «ጉንፋን ነው» ብሎ አይተወው፤ ለሐኪም «ጥጥ ላይ ነው የምሠራው» ብሎ ይንገር።

ከተማ መኖር ራሱ ድርሻ አለው። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስና አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ሰው ላይ በዝቶ እንደተገኘ፣ የከተማውም አስም አብዛኛው በቅርብ ዓመታት የጀመረ እንደሆነ አሳይቷል። አኗኗራችን ሲለወጥ ሕመማችንም ይለወጣል። የመኪና ጭስ፣ የፍራሽ አቧራ፣ በጠባብ ክፍል የሚነድ ከሰል፣ በሩ ተዘግቶ የሚጨስ ዕጣን የተቆጣውን አፍንጫ ያባብሳሉ።

በዚሁ በውቂያው ወቅት ደግሞ ኅዳር ሲታጠን አለ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ዓለምን ካዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ ጋር የተያያዘ ልማድ ነው። አባቶቻችን ያሰቡት ጽዳትን ነው፤ ሐሳባቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚቃጠለው ቅጠልና ገለባ ነበር፤ ዛሬ ፌስታል፣ ፕላስቲክና ጎማ ተጨምሮበታል። የአበባው፣ የአውድማውና የጭሱ ወቅት አንድ ላይ ሲገጥም አስም ያለበት ልጅ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያድራል። መጥረጉን እንያዝ፤ ማቃጠሉን እንተው።

አሁን ወደ ድካሙ ልምጣ፤ የዛሬው ንግግሬ ልብ እርሱ ነው። ድካሙ ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ከእንቅልፍ። አፍንጫ ሲታፈን ሰው በአፉ ይተነፍሳል፤ ጋደም ሲል መታፈኑ ይብሳል፤ ሳያውቀው ሌሊቱን ደጋግሞ ይነቃል። ስምንት ሰዓት ተኝቶ አራት ሰዓት እንደተኛ ሆኖ ይነሳል። ሁለተኛ፣ ሰውነቱ በትግል ላይ ነው። በቁጣው ጊዜ የሚለቀቁት ኬሚካሎች አንጎልንም ስለሚነኩ ሰው ይዝላል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ ይነጫነጫል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ መድኃኒቱ። ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ዳይፈንሃይድራሚን የሚባሉት የቆዩ የአለርጂ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ ገብተው ያስተኛሉ። ማታ የተዋጠው ክሎርፌኒራሚን ኃይሉ በማግሥቱም ሊኖር ይችላል።

በእንግሊዝ አገር በተማሪዎች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ። በብሔራዊ ፈተና ሰሞን የአለርጂ ምልክት የነበረባቸው ተማሪዎች በአገሩ የብርድ ወራት በወሰዱት የሙከራ ፈተና ካገኙት ውጤት ዝቅ የማለት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ40 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ በ70 በመቶ ገደማ። መምህራንና ወላጆች፣ ይህን አስቡልኝ። በጥቅምት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚደፋውን ልጅ ሰነፍ ከማለታችን በፊት አፍንጫውን፣ እንቅልፉንና የዋጠውን ኪኒን እንጠይቅ።

ለሹፌሮች የምለው ከዚህ ይጠነክራል። የሚያስተኛ ኪኒን የወሰደ ሰው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ የለበትም። ያ መንገድ ነቅቶ ለሚነዳም ከባድ ነው። የጫናችሁት የሰው ነፍስ ነውና መድኃኒት ስትገዙ «ሹፌር ነኝ፣ የማያስተኛውን ስጡኝ» በሉ። ሎራታዲን የሚባለው አለ፤ ሴትሪዚንም ከቆዩት ይሻላል፣ ግን አንዳንዱን ሰው ያስተኛልና መጀመሪያ በዕረፍት ቀን ሞክሩት። ድካሙን በጫት ለማባረር የምትሞክሩም ስሙኝ፦ ጫት ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳል፤ ነገ ድካሙ እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

ነገር ግን ድካም ሁሉ አለርጂ አይደለም። ይህን ሳልናገር ብወርድ በደልኳችሁ ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የወባም ወቅት ነው። ኮምቦልቻ፣ ቃሉ፣ ባቲ፣ ጨፋ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የራስ ምታትና ድካም ካገኘው በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ ሌሊት ካላበው፣ ክብደቱ ከቀነሰ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። ፊቷ የገረጣ፣ ሽቅብ ስትወጣ ልቧ የሚመታባት እናት የደም ማነስ ይኖርባት ይሆናል። ደረቱ ሲር ሲር የሚል፣ ሌሊት ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አስም ይዞት ሊሆን ይችላልና ኪኒን ለራሱ ገዝቶ አይቀመጥ። አንድ አፍንጫ ብቻ ከታፈነና ከደማ፣ ወይም ከንፈርና ጉሮሮ በድንገት ካበጠ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው። ለዚህ ሁሉ ጤና ጣቢያ አለ፤ የደሴ ሆስፒታልም ቅርባችን ነው።

አለርጂ መሆኑ ከታወቀ ምን እናድርግ? ከቤት እንጀምር። ወለል ሲጠረግ ውሃ ይርከፍከፍበት። ፍራሽና ትራስ ፀሐይ ይውጡ፤ የአልጋ ልብስ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። እህል የምታነፍስ እናት ጀርባዋን ወደ ነፋሱ መምጫ ሰጥታ ትቁም፤ አፍንጫዋን በማስክ ወይም በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍን። ከገበያ ሲገባ ልብስ ይቀየር፣ ፊትና ፀጉር ይታጠብ። ሙስሊም ወገኖቼ በየውዱእ አፍንጫችሁን በንጹሕ ውሃ ማጠባችሁ አቧራውን ያወጣልና ለሌላውም ትምህርት ነው። ጠለቅ አድርጎ ለማጠብ ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ያስፈልጋል፤ በአንድ ብርጭቆ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ዳማከሴውና ትኩስ ሻዩ ያስታግሳሉ፣ አልነቅፋቸውም፤ የአለርጂውን ሥር ግን አይነኩትም።

ከመድኃኒት ሁሉ ለታፈነ አፍንጫ የሚበልጠው ወደ አፍንጫ የሚረጨው ስቴሮይድ ነው፤ ቤክሎሜታዞን፣ ፍሉቲካዞን፣ ሞሜታዞን ይባላል። አያስተኛም። ሥራው ግን ቀስ ብሎ ነው፤ በየቀኑ መረጨት አለበት፣ ሙሉ ጥቅሙን ለማየት ሳምንትና ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ በየዓመቱ በመስከረም የሚታመም ሰው ሐኪሙን አማክሮ ከነሐሴ መጨረሻ ይጀምር። አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱት ጠብታዎች ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካለፉ መታፈኑን መልሰው ያብሱታል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ለአለርጂ ምንም አይሠራም። በየጥቅምቱ አሞክሳሲሊን እየገዛን የምንውጥ ገንዘባችንን እናባክናለን፤ ከዚያም የሚከፋው ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ይለምዱታል፣ በእውነት በሚያስፈልገን ቀን አይሠራልንም። ነፍሰ ጡር እናትና ትንሽ ልጅ ያለ ባለሙያ ምክር ምንም አይውሰዱ።

ወገኖቼ፣ እስካሁን የነገርኳችሁ ለአንድ ሰው ነው፤ የሚቀረው የሁላችን ነው። የቀበሌ መሪዎች፣ በመንገዱ ዳርና በቦርከና ወንዝ አጠገብ የበቀለው ቅንጨ ሳያብብ የሚነቀልበትን የዘመቻ ቀን ቁረጡ። አሠሪዎች፣ አቧራ ላለበት ሥራ ማስክ ስጡ፣ አየር የሚወጣበት መስኮት ክፈቱ። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች፣ ክሎርፌኒራሚን ስትሸጡ «ያስተኛል፣ እንዳትነዳ» የሚለውን ቃል አትንፈጉ። ነጋዴዎች፣ እህል የሚነፈስበትን ቦታ ሰው ከሚቀመጥበት አርቁ። እናንተም ቤት ስትገቡ በየዓመቱ በዚህ ወቅት የሚደክመውን ሰው ፈልጋችሁ «ይህ ሕመም ነው፣ ይታከማል፣ ነገ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ» በሉት።